የሄዱትን ያልጠየቀ መጠይቅ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሠራተኛ ፍልሰት ወሬ በተነሳ ቁጥር ሰው ሁሉ የሚስማማባት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። በዞን መምሪያዎች ግምገማ ላይ ትነገራለች፤ በጤና ጣቢያ ግቢና በመምህራን ማረፊያ ክፍል ትነገራለች፤ የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፍ ለዲፌንስ ሲቀርብ ደግሞ በሠንጠረዥ ታጅባ ትመጣለች። «ሠራተኛው የሚለቀው በደመወዝ ማነስ ነው፤ ጥናትም አረጋግጦታል» ትላለች። ተሰብሳቢው ራሱን ይነቀንቃል፣ ኃላፊው ማስታወሻውን ይዘጋል፣ ስብሰባው ወደሚቀጥለው አጀንዳ ያልፋል።

ዓረፍተ ነገሯ ስሕተት ናት። ደመወዙ ይበቃል ማለቴ አይደለም፤ አይበቃም። የምለው ሌላ ነው፦ የደመወዝ ማነስ እውነት ቢሆንም «ይህኛው ለምን ለቀቀ? ያኛውስ ለምን ቀረ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሆንም። መልስ አስመስሎ ያቀረበልን ስታቲስቲክስም ጥያቄውን ከቶ አልጠየቀም።

ከሁሉ በፊት ለተቃራኒው ወገን የሚገባውን እንስጠው፤ የያዘው ክርክር እንዲህ በቀላሉ የሚናቅ አይደለምና። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፎ ሄደ፤ ዘይቱም፣ መድኃኒቱም፣ የመኪና ታሪፉም ተከተለው። ግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከማቆም ደርሰው ሲጠይቁ ከፊት ያስቀደሙት የክፍያን ጉዳይ ነበር። መንግሥትም ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ የሚቀጠርን ሠራተኛ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር፣ ዝቅተኛውን ደመወዝ ደግሞ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ማሳደጉ በቀድሞው መኖር እንደማይቻል ማመኑ ነው። ከውጭ ታሪክም የሚጠቀስ አይጠፋም። የፎርድ መኪና ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1913 ወደ 14,000 የሚጠጋ ሠራተኛ በሥራ ላይ ለማቆየት በዓመት ውስጥ ከ50,000 በላይ ሰው ቀጥሯል፤ ፍልሰቱ 370 በመቶ ነበር። በጃንዋሪ 1914 የቀን ክፍያው 5 ዶላር ሊደርስ እንደሚችል ታወጀ፤ በዚያው ዓመት ፍልሰቱ ወደ 54፣ በተከታዩ ዓመት ወደ 16 በመቶ ወረደ። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? የእኛም ተመራቂዎች በየዓመቱ ይኸንኑ የሚደግም የስታቲስቲክስ ስሌት (ሪግሬሽን) ይዘው ይመጣሉ። ሁሉም ተሳስቷል ማለት ድፍረት አይሆንም?

አይሆንም። ምክንያቱን ከሥሩ ልጀምር።

የመንግሥት ደመወዝ በስኬል የተተመነ ነው። በአንድ ደረጃ ላይ ያሉ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ደብረ ማርቆስ ከተማ፣ ሌላው ከጮቄ ተራራ ሥር ቢመደቡም፣ መነሻቸው አንድ ነው። ለምሳሌ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ሲጀመር ለአንድ ቀበሌ ጤና ኬላ ሁለት ሴቶች እንዲመደቡ ተደርጎ ነበር። ስናን ወረዳ ውስጥ፣ ከረቡዕ ገበያ ወደ ላይ ሲወጡ፣ ብርዱ አጥንት ከሚሰብርበት ቀበሌ ያለች አንዲት ጤና ኬላ አስቡ። ሁለቱ ሴቶች አንድ ዓይነት ሥልጠና ወስደዋል፤ አንድ ፔሮል ላይ ይፈርማሉ፤ አንድ በር ከፍተው ይገባሉ። አንዷ በሁለተኛ ዓመቷ ትለቃለች፤ ሌላዋ ትዳር ይዛ፣ ልጆች ወልዳ፣ ዛሬም እዚያው ቤት ለቤት ትዞራለች። ደመወዝ ከሁለቱ የማንን ታሪክ ገለጸልን? ደመወዙ አንሶ አንዷ ከለቀቀች፣ በዚያው ባነሰው ደመወዝ ሌላዋን ምን አስቀራት?

ልዩነትን ሊገልጽ የሚችለው የሚለያይ ነገር ብቻ ነው። ይህ የስታቲስቲክስ የመጀመሪያ ትምህርት ነው፤ ለዚህ ደግሞ ዲግሪ አያስፈልግም። በአንድ ደረጃ ያሉ ሠራተኞችን ደመወዝ በአንድ አምድ ሞልታችሁ ኤስፒኤስኤስ ውስጥ ብታስገቡት ፕሮግራሙ ራሱ «ይኼ አይለዋወጥም» ብሎ ከሒሳቡ ያስወጣዋል። ክፍያ በአገር ደረጃ ስንት ሰው ከመንግሥት ሥራ እንደሚሸሽ ሊወስን ይችላል፤ ይህን አልክድም። ከአንዱ ወረዳ ሰው እየፈለሰ ከጎረቤቱ ለምን እንደማይፈልስ፣ ከአንድ ቢሮ አንዱ ክፍል ሲራቆት ሌላው ለምን ሞልቶ እንደሚያድር ግን ከቶ ሊነግረን አይችልም። ለወረዳ ኃላፊና ለትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር የሚጠቅመው ደግሞ ይኸኛው ሁለተኛው ጥያቄ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ከእጁ ውጭ ነው።

ታዲያ ጥናቶቹ ደመወዝ ምክንያት መሆኑን ከየት አገኙት? ደመወዝን ትተው ወደ እርካታ ተሻገሩ። «በማገኘው ደመወዝ ደስተኛ ነኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይቀመጣል፤ ጎኑ አምስት ሳጥን አለ፤ ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም»። ሬንሲስ ሊከርት ይህን ዓይነት መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1932 ሲያወጣ አመለካከትን ለመለካት ነበር፤ ለዚያ ይጠቅማል። ከዚያው ወረቀት ወረድ ብሎ «በቅርቡ ይህን መሥሪያ ቤት ለመልቀቅ አስባለሁ» የሚል አለ፤ እሱም አምስት ሳጥን። አንድ ሰው፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ስሜት፣ በአንድ እስክሪብቶ ሁለቱንም ይሞላል። ልቡ ከሸፈተ ሁሉም ይጠላዋል፦ ደመወዙም፣ ወንበሩም፣ አለቃውም፣ የቢሮው ቀለምም። እንግዲህ ደመወዙን ስለጠላ ነው ሊለቅ ያሰበው፣ ወይስ ሊለቅ ስላሰበ ደመወዙን ጠላው? ሪግሬሽኑ ይህን አይለይም። ሁለቱ አብረው ሲወጡና ሲወርዱ ያያል እንጅ የትኛው ፊት፣ የትኛው ኋላ እንደሆነ አያውቅም። አጥኚው ግን በመደምደሚያው ላይ «ተጽዕኖ አለው» ብሎ ይጽፋል፤ አድቫይዘሩም ያሳልፈዋል።

አሁን ወደ ትልቁ ጉድለት ልምጣ። አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው።

ተማሪው ፈቃድ የሚጠይቅ ደብዳቤ ይዞ ሰው ሀብት ቢሮ ይሄዳል፤ የሠራተኞች ዝርዝር ይሰጡታል። 400 ሠራተኛ አለ እንበል። የናሙና መጠን የሚተምነውን የያማኔን ፎርሙላ ያወጣል፤ 400 በ0.05 ካሬ ተባዝቶ 1 ሲደመርበት በሚገኘው ቁጥር 400ን ያካፍላል፤ 200 ሰው ይበቃሃል ይለዋል። ዕጣ አውጥቶ መጠይቅ ይበትናል፣ ይሰበስባል። የመጠይቁን አስተማማኝነት የሚለካው ክሮንባክ አልፋ ከ0.70 በላይ ይወጣል። ናሙናው ሳይንሳዊ፣ መጠይቁ አስተማማኝ ተብሎ ይጻፋል። ማንም የማያነሳው ጥያቄ ግን አለ፦ ያ ዝርዝር የማን ዝርዝር ነው? ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት ሰዎች ዝርዝር ነው። 200ዎቹም አንድ ሳይቀሩ ያልለቀቁ ናቸው። ስለ መልቀቅ የተጻፈ አንድ ሙሉ ጥናት አንድም የለቀቀ ሰው ሳይጠይቅ ተጽፎ፣ ተጠርዞ፣ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው።

ናሙናውን ወደ 300 ማሳደግ ይህን አያክመውም። ፎርሙላው የሚለካው ከዝርዝሩ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚበቃ ነው፤ ዝርዝሩ ራሱ ማንን እንዳስቀረ አይለካም።

«መልቀቅን ባንለካም የመልቀቅ ሐሳብን ለክተናል፤ ሐሳብ ደግሞ ድርጊትን ያመለክታል» ይሉኛል። ያመለክታል፤ ግን በምን ያህል? ግሪፌት፣ ሆምና ጌርትነር የተባሉ ተመራማሪዎች በርካታ የፍልሰት ጥናቶችን አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ሥራ የመልቀቅ ሐሳብ ከቀረቡት አመላካቾች ሁሉ የተሻለው ሆኖ ተገኝቷል። ይህ የተሻለው እንኳ ከድርጊቱ ጋር ያለው ዝምድና 0.4 አይሞላም፤ ይህም በመልቀቅና በመቅረት መካከል ካለው ልዩነት 16 በመቶውን እንኳ አይገልጽም ማለት ነው። በዚያው ሥራ ውስጥ የደመወዝና የደመወዝ እርካታ ዝምድና ከዚህም እጅግ ያነሰ ሆኖ ነው የወጣው። እለቃለሁ እያለ ዓመታት የሚቆይ ስንት አለ! አንድ ቀን እለቃለሁ ሳይል ሰኞ ጠዋት ወንበሩ ባዶ ሆኖ የሚገኝስ?

ከአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ሌላ ማስረጃ ይመጣል። «ከለቀቁትም ጠይቀናል፤ የመልቀቂያ ደብዳቤያቸው ማህደር ውስጥ አለ፤ ምክንያቱ የተሻለ ደመወዝ ማግኘት ይላል» ይባላል። ደብዳቤው የተጻፈበትን ሰዓት እስቲ እናስበው። ወጣቷ ነርስ ሌላ ቦታ ሥራ አግኝታለች። አዲሱ ቀጣሪ የሥራ ልምድና ክሊራንስ አምጪ ብሏታል። የክሊራንሱን ወረቀት ይዛ ከንብረት ክፍል ወደ ፋይናንስ፣ ከፋይናንስ ወደ ሰው ሀብት እያለች ፊርማ ታሰባስባለች። የመጨረሻው ፊርማ የኃላፊው ነው።

«ልጄ፣ ምን አስከፍቶሽ ነው?» ይላታል።

«ኧረ ምንም ጋሼ! ደመወዙ ነው እንጅ እናንተማ ምን አድርጋችሁኝ» ትላለች።

ምን እንድትል ነበር የተጠበቀው? ተራዋን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ከሥልጠና ያስቀራት እሱ መሆኑን እንድትነግረው? ባሏ ያለበት ወረዳ ለመዛወር ያቀረበችው ማመልከቻ መሳቢያ ውስጥ መክረሙን? የምሽት ተረኛ ሆና ስትገባ የሚያጅባት ሰው ጠይቃ መነቀፏን? ያን ብትል ፊርማው ነገ ይሆናል፤ ነገ ደግሞ ኃላፊው ስብሰባ ይሄዳል። ደመወዝ ማንንም የማያስቀይም መልስ ነው፤ የተናገረውንም የሰማውንም አያስወቅስም። እንዲህ ያለ መልስ በበዛ ቁጥር የሚጨምረው እውነቱ ሳይሆን የይሉኝታው መጠን ነው። ተመራማሪው ግን ደብዳቤዎቹን ቆጥሮ ከመቶ ይህን ያህሉ በደመወዝ ለቀቀ ብሎ ይጽፋል።

ወደ ፎርድ ልመለስ፤ የደመወዝ ወገን ዋና መመኪያው እሱ ነውና። የ5 ዶላሩ ታሪክ ሲነገር ከሦስት ወር በፊት የሆነው ይዘለላል። በኦክቶበር 1913 ከፋብሪካው ኃላፊዎች አንዱ በነበረው በጆን ሊ መሪነት በተደረገው ለውጥ ፎርማኖች (የቅርብ አለቆች) ሠራተኛን ባሻቸው ጊዜ የማባረር ሥልጣናቸውን ተነጥቀው ጉዳዩ ለአንድ የቅጥር ክፍል ተሰጠ፤ ለየሙያው የተለያየ የነበረው ዝብርቅርቅ ክፍያም በደረጃ ተስተካከለ። ከ5 ዶላሩ ጋር አብሮ የቀን ሥራው ከዘጠኝ ወደ ስምንት ሰዓት ወረደ። በዚያ ላይ 1914 አሜሪካ ውስጥ ሥራ የጠፋበት ዓመት ነበር፤ ሥራ በጠፋበት ዘመን ማን ይለቃል? ክፍያው ምንም አልሠራም አልልም፤ ብዙ ሠርቷል። ነገር ግን አለቃው የማባረር በትሩን የተቀማበት፣ ሰዓቱ ያጠረበት፣ ሌላ ሥራ የጠፋበት ዘመን ላይ የታየን ለውጥ ለአንድ ለክፍያ ብቻ ማሸከም ምርምር አይደለም። ፎርድን ምሳሌ አድርገው የሚጠቅሱ ኃላፊዎቻችን የፎርማኖቹን ነገር ለምን አይጠቅሱትም?

ከሩቅ ሳንሄድ በአገራችን የተሠራ፣ የተሻለ ጥናትም አለ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን ኢትዮጵያ ውስጥ ካሉ አምስት ድርጅቶች ጋር ተስማምተው ወደ 1,000 የሚጠጉ፣ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑ ሥራ ፈላጊዎችን በዕጣ ከፈሏቸው፤ ለአንዱ ቡድን የኢንዱስትሪ ሥራ፣ ለሌላው 300 ዶላር ገደማ ከንግድ ሥልጠና ጋር፣ ለቀሪው ምንም። ከዚያ የለቀቁትንም ያልለቀቁትንም እያፈላለጉ ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ውጤት የኢንዱስትሪ ሥራ ካገኙት አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ጥለው ወጥተዋል። የወጡት ግን ሁሉም ወደ ተሻለ ደመወዝ ተጠርተው አልነበረም፤ ሥራው አድካሚ፣ ለጤናም የሚያሰጋ ሆኖባቸው ከፋብሪካ ሥራ ጨርሰው የራቁ ብዙ ናቸው። በልዩነቱ ላይ ላተኩር፦ እዚህ ጥናት ውስጥ የሄደ ሰው ተፈልጎ ተገኝቷል፣ ተጠይቋል። የእኛ መጠይቅ ከቢሮ በር አይወጣም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ፣ ከዚያም ቀደም ብሎ፣ ጎጃም ውስጥ የሚሠራ ሰው ሕይወት ተለውጧል። መንገድ በድንገት ይዘጋል፤ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ የሚቻልበትን ቀን ማንም አያውቅም። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ ነበር። በገጠር ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ሰው ታግቶ ቤተሰቡ ገንዘብ ይጠየቃል። አንድ መምህር ወደ ተመደበበት ቀበሌ ለመሄድ ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ማታ መመለሱን እርግጠኛ አይደለም። በዚህ መካከል የሚበተነውን መጠይቅ ብታነቡት ከውጭ መጽሐፍ የተወሰዱ አምስት ርዕሶች ታገኛላችሁ፦ ክፍያ፣ አመራር፣ የሙያ ዕድገት፣ የሥራ አካባቢ፣ የሥራ እርካታ። ሰላም የሚል የለም። መንገድ የሚል የለም። ፍርሃት የሚል የለም። ከቤተሰብ ተለያይቶ መኖር የሚል የለም። መጠይቁ ያልጠየቀውን ሪግሬሽን ከየት ያመጣዋል? አምስት ምርጫ ተሰጥቶት አንዱ የግድ መውጣት ስላለበት ደመወዝ ወጣ። በላዩም የስታቲስቲክስ ጉልህነት ምልክት የሆነች «ኮከብ» ተለጠፈችበት።

ስለዚያች ኮከብም አንድ ነገር ልበል። ኮከቧን የምታሰጠው 0.05 የምትባለው ገደብ ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1925 ካወጣው መጽሐፍ ወዲህ የተለመደች መስመር ናት እንጅ የተፈጥሮ ሕግ አይደለችም። የአሜሪካ ስታቲስቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መግለጫ ከዚህ ገደብ ጋር የምትነጻጸረው ቁጥር (ፒ-ቫልዩ) የአንድን ነገር ትልቅነትም ሆነ አስፈላጊነት እንደማትለካ በግልጽ አስቀምጧል። ኮከብ ያገኘ ምክንያት ቀዳሚው ምክንያት አይደለም። ይህን የማያውቅ አንባቢ ላይ አልፈርድም፤ ሰምቶ የሚያስተምር ግን ኃላፊነት አለበት።

ደካማ መሆኑ እየታየ ይህ አመለካከት ለምን ሥር ሰደደ? ለኃላፊው ስለሚመች ነው። «ችግሩ ደመወዝ ነው» ማለት «ችግሩ አዲስ አበባ ነው» ማለት ነው፤ ስኬሉን ዞኑ አያወጣውም፣ ወረዳው አያወጣውም። አንዴ ይህ ከተባለ የዝውውር ማመልከቻ ለምን እንደሚከርም አይጠየቅም። አዲስ ተመዳቢ ሻንጣውን ይዞ ከመኪና ሲወርድ ለምን የሚቀበለው ሰው እንደማይኖር አይጠየቅም። የደረጃ ዕድገት ማስታወቂያ ከመለጠፉ በፊት የሚያልፈው ማን እንደሆነ ለምን ሰው ሁሉ እንደሚያውቅ አይጠየቅም። ባልን ከአንዱ ወረዳ፣ ሚስትን ከሌላው የመደበው ማን እንደሆነ አይጠየቅም። እነዚህ ሁሉ ያለ አንዲት ሳንቲም ጭማሪ እዚሁ ሊስተካከሉ የሚችሉ ናቸው፤ እዚሁ ሊስተካከሉ መቻላቸውም ነው ስማቸው እንዳይነሳ ያደረገው።

የደመወዝ ክርክር አንድ የከፋ ወንድም አለው፤ የሚለቀው ሰው ገንዘብ ወዳድ፣ አገሩን የማይወድ ነው የሚለው። ጎጃም ይህን ሊል የሚገባው የመጨረሻው አገር ነው። የቅኔውና የመጻሕፍቱ ሊቃውንት ከዋሸራ ወደ ደብረ ኤልያስ፣ ከዚያ ወደ ዲማ እየተዘዋወሩ ነው የተማሩትም ያስተማሩትም። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ከትውልድ ቀያቸው ከእንዶዳም ወጥተው ባይሄዱ ኖሮ ዛሬ ስማቸውን የምናነሳው በምን ነበር? መሄድ ክህደት አይደለም። ሰው የሚሄድበት ምክንያት አለው፤ የእኛ ድርሻ ምክንያቱን ማወቅ ነው እንጅ ለሄደው ሰው የጠባይ ደረጃ መስጠት አይደለም። በሥራ ላይ ያለውንም ለማቆየት ተብሎ በትምህርት ውል፣ በዋስ፣ በክሊራንስ መከልከል ምን እንደሚያተርፍ አይተናል፤ ሰውዬው ደብዳቤ ሳያስገባ ይጠፋል፣ በመዝገብ ላይም «ከሥራ ገበታው የቀረ» ተብሎ ከፍልሰቱ ቁጥር ይወጣል።

«ታዲያ ምን ይጠና? የሄደን ሰው ከየት እናምጣው?» የሚል ይኖራል። ደብረ ማርቆስ ትንሽ ከተማ ናት። ማን ባንክ እንደገባ፣ ማን ባሕር ዳር እንደሄደ፣ ማን ሱቅ እንደከፈተ፣ ማን ዓረብ አገር እንደተሻገረ ጎረቤት ያውቃል፤ ስልክ ቁጥሩም ማህደሩ ላይ ተጽፏል። ከለቀቀ ቆይቶ፣ ክሊራንሱን ከወሰደ በኋላ፣ ማንንም የማይፈራበት ጊዜ ላይ የተጠየቀ ሰው የሚሰጠው መልስ ከኃላፊው ፊት ቆሞ ከሰጠው መልስ ጋር አንድ አይሆንም።

ማህደሩ ራሱም ከመጠይቅ የበለጠ ይናገራል። የእያንዳንዱ ሰው የቅጥር ቀን አለ፤ የለቀቀም ከሆነ የመጨረሻ ቀኑ አለ። ያልለቀቀው ደግሞ «እስከዛሬ አለ» ተብሎ ይመዘገባል እንጅ አይጣልም። ካፕላንና ማየር እ.ኤ.አ. በ1958፣ ዴቪድ ኮክስ በ1972 ያወጧቸው ዘዴዎች ለዚህ ዓይነቱ መረጃ የተሠሩ ናቸው፤ በሕክምና ጥናት ውስጥ በየቀኑ ይሠራባቸዋል፣ የእኛም የጤና ተማሪዎች ሕሙማን በሕይወት የሚቆዩበትን ጊዜ ለመገመት ይጠቀሙባቸዋል። በዚያው ዘዴ የሠራተኛን ቆይታ መከተል ምን ይከለክለናል? በስንተኛው ወር ነው ብዙ ሰው የሚወጣው? የዝውውር ጥያቄው ውድቅ ከተደረገበት በኋላ? የትምህርት ውሉ ባለቀ ማግሥት? አለቃ በተቀየረ ዓመት? መንገዱ በተዘጋ ወር? እነዚህ ሁሉ ቀን አላቸው፤ ቀኖቹም በደብዳቤ ቁጥር ተይዘው መዝገብ ቤት ተቀምጠዋል። በሥራ ላይ ያለ ሰው ምን እንደሚሰማው ከመጠየቅ ይልቅ የሄደው ሰው ከመሄዱ በፊት ምን እንደደረሰበት ማየት ይቻላል።

«ደመወዝ ነው» የሚሉትም ቢሆኑ አሁን ክርክራቸውን የሚፈትኑበት ዕድል አግኝተዋል። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ጭማሪው ስኬሉን ተከትሎ ወርዷል፤ በአንድ ደረጃ ላለ ሰው ደብረ ማርቆስም፣ ስናንም፣ ቢቸናም፣ ሞጣም የመነሻው ጭማሪ አንድ ነው። ደመወዝ ዋናው ምክንያት ከሆነ ብዙ ሰው ይለቅባቸው የነበሩ መሥሪያ ቤቶች ፍልሰት ከሌሎቹ ጋር እየተቀራረበ መሄድ አለበት። ያው ይራቆት የነበረው ክፍል ከጭማሪውም በኋላ ያው የሚራቆት ከሆነ ግን ሰውን የሚያስወጣው ነገር እዚያው ክፍል ውስጥ ነበረ ማለት ነው። ይህን ለማወቅ አንድም መጠይቅ መበተን አያስፈልግም፤ የእያንዳንዱን መሥሪያ ቤት የለቀቁ ሰዎች ቁጥር ከነበሩት ሰዎች ቁጥር ጋር፣ ከመስከረም 2018 በፊትና በኋላ፣ በሁለት አምድ ማስቀመጥ ነው። ዝውውሩን፣ ጡረታውንና ሞቱን ለይቶ፤ ጸጥታው የከፋበትን ወረዳም ለብቻ አድርጎ። የዘንድሮ ተመራቂ ይህን ይሥራልን፤ ሰው ሀብት ቢሮዎችም ማህደሩን ይክፈቱለት። ያንን ሠንጠረዥ ይዞ መጥቶ «ደመወዝ ነው» የሚለኝን ሰው ቁጭ ብዬ አዳምጠዋለሁ። ከቀሩት ሰዎች ያስሞላውን ሳጥን ይዞ ለሚመጣው ግን ስለ ሄዱት ሰዎች አንዳች ነገር አላመጣህም፣ በእሱ ላይ ተመሥርቶም አንድም ኃላፊ እጁን ሊታጠብ አይገባውም እለዋለሁ።